የዝሆን ጥርስ ጉልበት

በ1836 ሁለት ጀርመናውያን ወንድማማቾች ሰው እንዴት እንደሚራመድ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተሙ። (እዚህ የማነሣቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ታላቅየው ቪልሄልም ቬበር የፊዚክስ ሊቅ ነበር፤ ከሒሳብ ሊቁ ከጋውስ ጋር ሆኖ ጎቲንገን ከተማ ላይ የቴሌግራፍ ሽቦ የዘረጋው እሱ ነው። ታናሹ ኤድዋርድ ደግሞ የሰውነት አካል ተመራማሪ። ወንድማማቾቹ ጉልበትን ሲመረምሩ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ጉልበት እንደ በር ማጠፊያ በአንድ ዘንግ ላይ ብቻ አይዞርም። እግር ሲታጠፍ የጭን አጥንት በቅልጥሙ ላይ እንደ ጎማ ይንከባለላል፣ እየተንከባለለም ይንሸራተታል። የሚዞርበት መሐል አንድ ቦታ አይረጋም፤ ከእንቅስቃሴው ጋር አብሮ ይሄዳል።

መጽሐፉ ታተመ፣ ተነበበ፣ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ለ130 ዓመት ያህል ሰው ሠራሽ ጉልበት ለመሥራት ከተነሡት ሐኪሞች አብዛኞቹ የሠሩት የበር ማጠፊያ ነው።

እርግጥ ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመተካት ነገር የማንም አሳብ አልነበረም። ጉልበቱ ክፉኛ የተበላሸ ሰው ምርጫው ሦስት ነበር፤ ችሎ መኖር፣ እግሩ እንዳይታጠፍ ሆኖ እንዲደርቅ ማድረግ፣ ወይም መቆረጥ። በ1861 ለንደን ላይ ዊልያም ፈርጉሰን የተባለ ቀዶ ሐኪም አራተኛ መንገድ ሞከረ። የተበላሸውን መገጣጠሚያ ከላይም ከታችም ቆርጦ አወጣና ቦታውን ባዶ ተወው። ክፍተቱን ጠባሳ ሞላው፤ ጠባሳውም እንደ ነገሩ ይታጠፍ ጀመር። ሐኪሙ በዚያው ዓመት ለሕክምና መጽሔት ሲጽፍ፣ እግሩ ለባለቤቱ የሚያገለግል ሆኗል አለ። ለዘመኑ ትልቅ ድል ነው። የኤተር ማደንዘዣ በይፋ ከታየ ገና 15 ዓመቱ ነበር፤ ጆሴፍ ሊስተር ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ ስለ ማጽዳት የጻፈው ደግሞ ከዚያ በኋላ በ1867 ነው።

ስለ በሽታው ትንሽ ላውራ። እኛ ጉልበት የያዘውን ሁሉ ቁርጥማት ወይም ሪህ ብለን እናልፈዋለን፤ ነገር ግን ከአንድ በላይ በሽታ አለበት። የአጥንቶቹ ጫፍ በለስላሳ ልም አጥንት ተሸፍኗል። ይህ ልባስ የደም ሥርም ነርቭም የለውም። ነርቭ ስለሌለው ሲሳሳ አይጮኽም፤ ደም ስለማይደርሰው የተበላው መልሶ አይተካም። ባለቤቱ ሕመሙ ሲሰማው ጉዳዩ ከተጀመረ ቆይቷል። ልባሱ አልቆ አጥንት ከአጥንት ሲፋጭ ነው ሐኪሞቹ «ከባድ» የሚሉት። እዚህ ደረጃ የሚያደርሰው አንዱን ዕድሜ፣ ክብደትና የድሮ ጉዳት ነው፤ ሌላውን ሰውነት ራሱን ሲያጠቃ የሚመጣው ሩማቶይድ የተባለው የመገጣጠሚያ ብግነት። በዚያ ዘመን ግን ከሁሉም የሚፈራው የሳንባ ነቀርሳ ጀርም መገጣጠሚያ ውስጥ ገብቶ ሲበላው ነበር።

በዚሁ ዘመን በእኛ አገር ለጉልበት ሕመም የሚኬደው ወደ ወጌሻ፣ ወደ ጸበልና ወደ ፍል ውሃ ነው። በ1886 እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በፍል ውሃው አካባቢ ቤት አሠሩ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። ዋና ከተማችን የተቆረቆረችው ቁርጥማት ያለበት ሰው ገላውን በሚዘፈዝፍበት ውሃ ዳር መሆኑን ሳስብ ፈገግ እላለሁ። ሙቀት ጡንቻን ያፍታታል፣ ሕመምን ለጊዜው ያስታግሣል፤ ይህን ዛሬም ፊዚዮቴራፒስቱ አይክደውም። የተበላውን ልም አጥንት ግን አይመልስም።

ጣይቱ አዲስ አበባን ከሰየሙ አራት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 20 ቀን 1890፣ በርሊን ውስጥ ቴሚስቶክለስ ግሉክ የሚባል የ36 ዓመት ቀዶ ሐኪም የአንዲት የ17 ዓመት ልጃገረድ ጉልበት ከፈተ። የልጅቷን መገጣጠሚያ የነቀርሳ ጀርም ጨርሶታል። ግሉክ የተበላሸውን አውጥቶ በምትኩ ከዝሆን ጥርስ የተቀረጸ ማጠፊያ አስገባ። የዝሆን ጥርስ ጠንካራ ነው፣ እንደ ልብ ይቀረጻል፣ ሰውነትም ይቀበለዋል ብሎ አምኗል። ማጠፊያው እንዳይነቃነቅ የሚያጣብቅ ነገር ሲፈልግ የጥድ ሙጫ፣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዱቄትና ጄሶ ቀላቀለ። የአጥንት ሲሚንቶ የሚባለው አሳብ ያኔ ተወለደ ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ ላይ ውጤቱ ያስደንቅ ነበር። ሕመሙ ጠፋ፣ ጉልበት ታጠፈ። ግሉክ ተበረታቶ ሌሎች መገጣጠሚያዎችንም እየተካ ቁጥራቸውን 14 አደረሰ። ከዚያ መግሉ መጣ። ነቀርሳው ከአጥንቱ ውስጥ አልወጣም ነበር፤ ባዕድ ነገር ሲያገኝ ደግሞ ይበልጥ ተመቸው። ማጠፊያዎቹ እየተነቀሉ ወጡ።

በዚያው ዓመት በርሊን ላይ ዓለም አቀፍ የሐኪሞች ጉባኤ ተጠርቶ ነበር። የጀርመን ቀዶ ሕክምና አውራ የነበሩት ኤርንስት ፎን ቤርግማን ግሉክ ሥራውን እዚያ እንዳያቀርብ ከለከሉት፤ የጀርመንን ሳይንስ ስም ያጎድፋል ብለው። ቤርግማን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የቀዶ መሣሪያን በእንፋሎት ማምከን ካስፋፉት አንዱ ናቸው። ግሉክም በበኩሉ ያልተሳካውን አልደበቀም፤ መግል ያለበት መገጣጠሚያ ውስጥ ባዕድ ነገር መክተት ስሕተት መሆኑን ራሱ አምኗል። አሳቡ ትክክል ነበር፤ የመረጠው በሽታ ግን ስሕተት፣ ዘመኑም ገና። እስከ 1942 በሕይወት ኖረ፤ ጉልበት በሰው ሠራሽ ሲተካና ሲጸና ሳያይ አረፈ።

ከግሉክ በኋላ ሐኪሞች ባዕድ አካል ፈሩ። ጉልበቱን ከፍተው በሁለቱ አጥንቶች መካከል ለስላሳ ነገር መጎዝጎዝ ያዙ፤ አንዱ ከበሽተኛው ታፋ የተላጠ ሽፋን፣ ሌላው ስብ። በ1918 የአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሐኪም ዊልያም ቤር በኬሚካል የተዘጋጀ የዓሣማ ፊኛ አንጥፎ መሥራቱን ጻፈ። የእኛ አገር አንባቢ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ እዚህ ላይ ፊቱን ቢያኮሳትር አልፈርድበትም። (ይኸው ቤር በኋላ የሚያመረቅዝ አጥንት ላይ የዝንብ ትል እየለቀቀ በማከም ታውቋል። ለመሞከር የማይደፍረው ነገር አልነበረም።) ምንጣፉ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያልቃል፤ ጉልበቱም ወይ ይደርቃል ወይ መልሶ ያማል። ስለዚህ እስከ ምዕተ ዓመቱ አጋማሽ ድረስ ለከባድ ጉልበት አስተማማኙ ነገር ሁለቱን አጥንቶች አጋጥሞ አንድ ማድረግ ነበር። ሕመሙ ይሄዳል፤ እግሩ ግን እንደ ብትር ቀጥ ብሎ ይቀራል።

ቀጥ ያለ እግር ምን ያህል ችግር እንደሆነ ቶኪዮ ውስጥ የገባው ሰው ነበር። ኬንጂ ታካጊ በ1918 የሽንት ፊኛ መመርመሪያ መሣሪያ ወስዶ የሬሳ ጉልበት ውስጥ አስገብቶ ተመለከተ። ያነሣሣው የጉልበት ነቀርሳ ነው። ጃፓናዊ ምንጣፍ ላይ ተንበርክኮ ይቀመጣል፤ ጉልበቱ ያልታጠፈለት ሰው ከማዕድም ከእንግዳም ፊት ይርቃል። ታካጊ በሽታውን ጉልበት ሳይደርቅ በጊዜ ለማየት ፈለገ። ተማሪው ማሳኪ ዋታናቤ መሣሪያውን አሻሽሎ በ1957 በሥዕል የተደገፈ መጽሐፍ አወጣበት። አርትሮስኮፒ የሚባለው በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ ጉልበትን የማየት ጥበብ ከዚህ ተነሥቶ ዓለምን ያዘ። ወደ እሱ እመለሳለሁ፤ ጉዱ ብዙ ነው።

መድኃኒቱም በበኩሉ ይሄድ ነበር። አስፕሪን በ1899 ለገበያ ቀርቧል። በ1948 አሜሪካ ሜዮ ክሊኒክ ውስጥ ፊሊፕ ሄንችና ባልደረቦቹ ኮርቲሶን የተባለውን ሆርሞን ሩማቶይድ ላለባት ሴት ወጉ። በቀናት ውስጥ አልጋ ላይ የዋለችው ተነሥታ ሄደች። በ1950 የኖቤል ሽልማት መጣ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም፤ ሆርሞኑ ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ ፊትን ያሳብጣል፣ አጥንትን ያሳሳል፣ ሲቆም ሕመሙ ይመለሳል። በ1951 ጆሴፍ ሆላንደር ፊላደልፊያ ላይ የተሻለ ዘዴ አመጣ፤ መድኃኒቱን በመላ ሰውነት ከመበተን በቀጥታ ጉልበት ውስጥ መውጋት። ዛሬ «ጉልበቴን ተወጋሁ» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የሚወጋው የዚህን መርፌ ልጅ ነው።

በዚያው 1951 ማጠፊያው ተመለሰ። ስዊድናዊው ቦርዬ ቫልዲየስ መጀመሪያ ከአክሪሊክ ፕላስቲክ፣ ቆየት ብሎም ከኮባልትና ክሮም ቅይጥ ብረት ጉልበት ሠራ። አሁን ፔኒሲሊን አለ፣ ብረቱም በሰውነት ውስጥ አይዝግም። ሆኖም የቬበር ወንድማማቾችን መጽሐፍ የሚያስታውስ ጠፋ። ሰው ሲራመድ ጉልበቱ ይጠመዘዛል፤ ማጠፊያ ግን መጠምዘዝ አያውቅም። ስለዚህ ኃይሉ ሁሉ አጥንት ውስጥ በተተከለው ዘንግ ላይ ያርፋል። ዘንጉ እየተነቃነቀ ይላላል። የአጥር እንጨት በየቀኑ ቢወዘውዙት ምን እንደሚሆን የገጠር ልጅ ያውቀዋል።

አንዳንዶች መገጣጠሚያውን ሳይነኩ ክብደቱን ማዛወር መረጡ። እግሩ የተንጋደደ ሰው ክብደቱ በጉልበቱ ውስጠኛ ጎን ላይ ያርፋል፤ ያ ጎን ብቻ ያልቃል። ጎማው በአንድ በኩል የተበላበት ሾፌር ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ጎማ ከመቀየሩ በፊት አቅጣጫውን ያስተካክላል። በ1965 የሜዮ ክሊኒኩ ማርክ ኮቬንትሪ ከጉልበት በታች ከቅልጥም አጥንት ላይ እንደ ሽብልቅ ያለ ቁራጭ አውጥቶ እግሩን የማቃናት ልምዱን ጻፈ። ከእሱ በፊት እንግሊዞች ሞክረውታል። ብዙ ሰው ነገሩን የድሮ ይመስለዋል እንጂ ጉልበቱ በአንድ ጎን ብቻ ለተበላ፣ ዕድሜው ላልገፋና ሥራው ከባድ ለሆነ ሰው ዛሬም ይሠራል። ገበሬ ወይም ግንበኛ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው ስለዚህ ነበር።

አሁን ወደ እንግሊዝ፣ ላንካሻየር። ራይቲንግተን የሚባለው ሆስፒታል የነቀርሳ በሽተኞች ማረፊያ ነበር። የነቀርሳ መድኃኒት ሲመጣ አልጋዎቹ ባዶ ሆኑና ጆን ቻርንሊ የዳሌ ቀዶ ሕክምና ማዕከል አደረገው። ከ1958 ጀምሮ ዳሌን በብረትና በቴፍሎን መተካት ያዘ፤ መጥበሻ ላይ የሚቀባው ቴፍሎን። ለማጣበቂያ የጥርስ ሐኪሞች የሚጠቀሙበትን አክሪሊክ ወሰደ። የግሉክ ጥድ ሙጫ ከ70 ዓመት በኋላ ዘመናዊ ሆኖ መጣ። ሦስት መቶ ያህል ሰው ታከመ፤ ሁሉም ደስ ብሎታል። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ግን ቴፍሎኑ ይበላ ጀመር፤ ብናኙም በዙሪያው ያለውን ሥጋ አስቆጣ። ቻርንሊ በሽተኞቹን አንድ በአንድ እየጠራ የራሱን ሥራ በራሱ እጅ መንቀል ነበረበት። የቴፍሎኑን ብናኝ ጭኑ ላይ ወግቶ በራሱ ሥጋ እስከ መሞከር ደርሷል።

በ1962 አንድ የፕላስቲክ ሻጭ ለሽመና ማሽን ጥርስ የሚሆን ፖሊኤቲሊን የሚባል ነገር ይዞ ሆስፒታሉ ደረሰ። ቻርንሊ በጥፍሩ ጫን ብሎ አየና ጊዜ ማባከን ነው ብሎ ሄደ። ሃሪ ክሬቨን የተባለው የወርክሾፑ ሠራተኛ ግን አልተወውም። ቻርንሊ ለጉባኤ ወደ ውጭ በወጣበት ወቅት ፕላስቲኩን መፈተሻ ማሽኑ ላይ አሰረና ቀን ከሌሊት አሠራው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ፖሊኤቲሊኑ ቴፍሎን በአንድ ቀን የሚበላውን ያህል እንኳ አልተበላም ነበር። የዓለም የመገጣጠሚያ ቅየራ የቆመው በዚህ ፕላስቲክ ላይ ነው፤ ያገኘውም አለቃው የናቀውን ነገር ዝም ብሎ የለካ ባለሙያ ነው። እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምወደው ሰው ክሬቨን ነው።

ቻርንሊ ለመግሉም መላ አበጀ። የቀዶ ክፍሉ ውስጥ ንጹሕ አየር የሚነፍስበት ጎጆ መሰል ሳጥን አሠራ፤ ከመቶ ሰባት ያህል የነበረው ኢንፌክሽን በዓመታት ውስጥ ከመቶ ከአንድ በታች ወረደ። ግሉክን የጣለው ነገር እንዲህ ተሸነፈ።

የዳሌው ችግር ሲፈታ ጉልበት ቀረ። ከካናዳዋ ዊኒፔግ የመጣ ፍራንክ ጋንስተን የሚባል ወጣት ሐኪም ከቻርንሊ ዘንድ ሊማር ራይቲንግተን ገባ። ጋንስተን ከሕክምናው በፊት መሐንዲስ ነበር። በ1968 ማጠፊያውን ጣለና ጉልበት ሲታጠፍ መሐሉ እንደሚሄድ ተቀብሎ ሠራ። በጭን አጥንት በኩል እንደ ጎማ የጎበጡ ሁለት ብረቶች፣ በቅልጥም በኩል የፖሊኤቲሊን ቦዮች፣ በመካከል የበሽተኛው የራሱ ጅማቶች። ብረቱ በፕላስቲኩ ላይ ይንከባለላል፣ ይንሸራተታል። ቬበሮች ከ132 ዓመት በፊት ያሉት ይኸው ነበር። ጋንስተን ፈጠራውን በስሙ አላስመዘገበም፤ ኩባንያዎች ወሰዱት፤ እሱ ወደ አገሩ ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ለንደን፣ ኦክስፎርድ፣ ሜዮ ክሊኒክ፣ ሁሉም የየራሱን ጉልበት ሠራ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚተከሉት አብዛኞቹ ጉልበቶች የሚመዘዙት ግን ከኒውዮርኩ ልዩ የቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ነው። እዚያ እንግሊዛዊው ጆን ኢንሶል፣ ከህንድ የመጣው ቺትራንጃን ራናዋትና መሐንዲሱ ፒተር ዎከር በ1974 የተከሉት ጉልበት የጭን አጥንትን ጫፍ በኮባልት ክሮም ይሸፍናል፣ የቅልጥሙን በፖሊኤቲሊን፣ የጉልበት ሎሚዋንም ጀርባ እንዲሁ። ጉልበት መቀየር ሲባል ብዙ ሰው እግሩ ተቆርጦ የሚወጣ ይመስለዋል። ነገሩ የተበላውን ጫፍ ጥቂት ሚሊሜትር ልጦ ማልበስ ነው፤ ከጥርስ ሐኪም ዘውድ ጋር ይቀራረባል። ኢንሶልና ጓደኞቹ ከብረቱ እኩል የተጨነቁበት አጥንቱ በትክክለኛው ማዕዘን እንዲቆረጥ፣ ጅማቶቹም በሁለቱም ጎን እኩል እንዲወጠሩ ነው። የተንጋደደ ጉልበት ምርጥ ብረት ቢያለብሱትም ተንጋዶ ያልቃል።

በ1975 ሉንድ ከተማ ውስጥ ፕሮፌሰር ዮራን ባወር ከሐኪም ይልቅ የሒሳብ ሹም የሚያስመስለውን ሥራ ጀመሩ። በስዊድን የሚተከለውን ሰው ሠራሽ ጉልበት ሁሉ መመዝገብ፤ ማን ተከለ፣ የትኛውን ዓይነት፣ መቼ ተበላሸ። በአገር ደረጃ እንዲህ ያለ መዝገብ በዓለም የመጀመሪያው ነው። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ ሐኪም የራሱን ጉልበት ያመሰግን ነበር፤ የተበላሸበት በሽተኛ ደግሞ ወደ ሌላ ሐኪም ስለሚሄድ ውድቀቱን አያይም። መዝገቡ ሲመጣ መደበቂያ ጠፋ። የትኛው ብረት ቶሎ እንደሚላላ በቁጥር ታየ፤ መጥፎዎቹ ከገበያ ወጡ።

ቀደም ብለን ከራናዋት ጋር ህንድን ካነሣን፣ በ2000 የህንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር አታል ቢሃሪ ቫጅፓዪ ሙምባይ ውስጥ ግራ ጉልበታቸውን አስቀየሩ፤ በዓመቱ ቀኙን። የቀየሩላቸው ከኒውዮርክ የመጡት እኒያው ራናዋት ናቸው። የአገሪቱ ጋዜጦች ስለ መሪያቸው ጉልበት ለሳምንታት ጻፉ፤ ቀዶ ሕክምናው ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ሁሉ አወቀ። ዛሬ ከአዲስ አበባ ጉልበቱን ይዞ ወደ ህንድ የሚበር ሰው ጥቂት አይደለም።

አሁን ወደ አርትሮስኮፒው እንመለስ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በቀጭኑ መሣሪያ ገብቶ የተበላ ጉልበትን ማጠብ፣ የተላጠውን መላጨት በአሜሪካ ፋሽን ሆኖ ነበር። በምዕተ ዓመቱ መጨረሻ በዓመት ከ650 ሺህ በላይ ይሠራ ነበር፤ አንዱ 5 ሺህ ዶላር ያህል። በሽተኞች ተሻለን ይላሉ፤ ሐኪሞችም አመኑ። ሂውስተን ውስጥ በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ብሩስ ሞዝሊ የሚባል ቀዶ ሐኪምና ባልደረቦቹ ግን ጥያቄ አነሡ። 180 ሰዎችን በዕጣ ለሦስት ከፈሉ። አንዱ ቡድን ጉልበቱ ተላጨ፣ አንዱ ታጠበ፣ ሦስተኛው ቆዳው ብቻ ተበጥቶ ተሰፋ። ለሦስተኛው ቡድን ሐኪሙ መሣሪያ እየተቀበለ፣ ውሃ እያንቦጫረቀ የሠራ መሰለ። ተሳታፊዎቹ የውሸት ቀዶ ሕክምና ሊደርሳቸው እንደሚችል አስቀድመው በእጃቸው ጽፈው ፈርመዋል።

ውጤቱ በ2002 ታተመ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጠየቁ በሦስቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት የለም። የውሸቱ የተደረገለትም ተሻለኝ ብሏል፤ ደረጃም ይወጣል። ሞዝሊ የሂውስተን ቅርጫት ኳስ ቡድን ሐኪም ሆኖ ያገለገለ፣ በዚሁ ሥራ የሚተዳደር ሰው ነው። የራሱን እንጀራ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ቀለለ ብሎ ያወጀ ሐኪም በየትም አገር ብርቅ ነው። ለተበላ ጉልበት የሚደረገው ማጠብና መላጨት ከዚያ በኋላ እየቀነሰ ሄደ፤ ባይጠፋም።

የቀሩትም አንድ በአንድ ወደ ሚዛኑ መጡ። ከአውራ ዶሮ ራስ ላይ ካለው ቀይ ሥጋ የሚወጣው እንደ ቅባት የሚወጋ ፈሳሽ በ1997 በአሜሪካ ተፈቅዶ ነበር፤ ጥቅሙ ከተወራለት በጣም ያነሰ መሆኑ ታየ። ሆድ አይጎዳም የተባለው ቫዮክስ የሕመም ማስታገሻ በ2004 ድንገተኛ የልብ ሕመም በማብዛቱ ከገበያ ተሰበሰበ። ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ የሚያመጣው ግሉኮሳሚን በ2006 በ1,583 ሰዎች ላይ ሲፈተን በጠቅላላው ከባዶ ክኒን አልተሻለም። የኮርቲሶኑ መርፌ ለሳምንታት ያስታግሣል፤ በ2017 የወጣ ጥናት ግን በየሦስት ወሩ ለሁለት ዓመት የተወጉት ሰዎች ልም አጥንታቸው ይበልጥ መሳሳቱን፣ ሕመማቸውም ጨው ውሃ ከተወጉት አለመለየቱን አሳየ። ለሠርግ ወይም ለመንገድ አንድ ጊዜ መወጋት ሌላ ነው፤ በየሦስት ወሩ መመላለስ ሌላ።

ጉልበት መቀየሩስ? እሱም ተመዘነ። በ2015 ዴንማርካውያን ለቅያሪ የደረሱ 100 ሰዎችን ለሁለት ከፈሉ። ሃምሳው ተቀይሮላቸው በተጨማሪ የአካል እንቅስቃሴ፣ የአመጋገብ ምክርና መድኃኒት አገኙ፤ ሃምሳው ሳይቀየርላቸው ያንኑ። በዓመቱ የተቀየረላቸው በግልጽ ተሽሏቸዋል፤ መሻሻላቸው እጥፍ ያህል ነው። ነገር ግን ካልተቀየረላቸው ውስጥ በዓመት ውስጥ ቢላ የጠየቁት 13 ብቻ ነበሩ። ከባድ የሚባል ችግር ደግሞ በተቀየረላቸው ላይ 24 ጊዜ ደርሷል፤ በሌላው ወገን 6 ጊዜ፤ ከተቀየረላቸው መካከል ደማቸው የረጋ፣ ጉልበታቸው የደረቀ ነበሩ። በ2019 ደግሞ የየአገሩ መዝገቦች ተደምረው ሲታዩ፣ ሙሉ በሙሉ ከተቀየሩ ጉልበቶች ከመቶ 82 ያህሉ 25 ዓመት እንደሚያገለግሉ ተገመተ። ከአምስት ሰዎች አንዱ ያህል ግን ከቅያሪው በኋላም ሕመም አይለቀውም ወይም የጠበቀውን አላገኘም።

በ2024 ደግሞ ማንም ጉልበትን አስቦ ያልሠራው መድኃኒት መጣ። ሴማግሉታይድ ለስኳርና ለውፍረት የሚሰጥ መርፌ ነው። ከልክ ያለፈ ውፍረትና የጉልበት ሕመም ባለባቸው 407 ሰዎች ላይ ለ68 ሳምንት ሲሞከር መድኃኒቱን የወሰዱት ክብደታቸው በአማካይ ከመቶ 13.7 ቀነሰ፤ የሕመማቸውም መጠን ባዶ መርፌ ከወሰዱት ይበልጥ ወረደ። ቀድሞ እንደተለካው አንድ ኪሎ የቀነሰ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበቱ ላይ አራት ኪሎ ያነሣል፤ ስለዚህ የሚገርም አይደለም። ዋጋው ግን ለአብዛኞቻችን ሌላ ሕመም ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬ ጉልበት የሚቀይሩ የአጥንት ሐኪሞች አሉ። ከባድ ጉልበት ይዛ የምትገባ እናት ጥሩ ሐኪም ካጋጠማት ቢላ ከመጀመሪያው አይነሣም፤ የጭን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ፣ ክብደት፣ ምርኩዝ በጤነኛው እግር በኩል፣ ማስታገሻ ይቀድማል። ይህ ሁሉ ሳይበቃ ሲቀር፣ ሌሊት እንቅልፍ ሲነሣ፣ ራጁ ላይ ክፍተቱ ሲጠፋ ስለ ቅያሪ ይነገራል። አንድ ጎን ብቻ ከሆነ የተበላው ግማሹን መቀየርም አለ። ቀዶው ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሰዓት አይበልጥም፤ አብዛኛውን ጊዜም በማግስቱ ትቆማለች።

ሐኪሙ ሳይረሳ ሊነግራት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የተቀየረ ጉልበት ብዙውን ጊዜ የሚታጠፈው ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ነው። ወንበር ላይ ለመቀመጥ፣ ደረጃ ለመውጣት ይበቃል። ለቁጢጥ ግን አይበቃም፤ መንበርከኩም አብዛኛውን ጊዜ አይመችም። ስለዚህ ከሆስፒታል ከመውጣቷ በፊት ልጆቿ ቤት ሄደው የመጸዳጃውን መቀመጫ ከፍ ያደርጋሉ፣ ለቡናው ዱካውን አንሥተው ወንበር ያስቀምጣሉ። ስግደቱን በተመለከተ ከነፍስ አባቷ ጋር ትነጋገራለች።